ከአጥንት የተሠሩ መርከቦች

የባሕር ጦርነት ታሪክ የአድሚራሎችን ስም አብዝቶ ይጽፋል፤ ተማርከው ዓመታት በእሥር የቆዩት መርከበኞች ግን እምብዛም አይነሡም። በእንግሊዝ አገር ታሥረው የነበሩት ፈረንሣዮች ስለ ኑሮአቸው ካቆዩልን ምስክር አንዱ በእጃቸው የሠሩት ታናሽ መርከብ ነው።

እንግሊዝ ከፈረንሣይ አብዮት መንግሥት፥ ኋላም ከናፖሌዎን ጋራ ስትዋጋ የምርኮኛው ብዛት ከወህኒ ቤቶቿ አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ በ1797 ዓ/ም (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፒተርቦሮ ከተማ አጠገብ፥ ኖርማን ክሮስ በሚባል ስፍራ፥ ለምርኮኞች ብቻ የታሰበ ሰፊ የእንጨት ሠፈር ተከፈተ። እስከ 7,000 የሚደርሱ ሰዎች በአንድ ጊዜ የኖሩበት ወቅት ነበር። ምርኮኛን በምርኮኛ መለዋወጥ ቀድሞ የተለመደ ሲሆን፥ ጦርነቱ በ1803 ዓ/ም እንደ ገና ከተነሣ በኋላ ይህ ልማድ የተቋረጠ ያህል ሆነ፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎች ለረጅም ዓመታት ታሥረው ቀሩ።

ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ለአንዳንዶቹ ጥፋት አመጣ፤ ልብሳቸውንና የነገ ቀለባቸውን አስይዘው ቁማር ተበሉ። ሌሎች ግን ከቀለባቸው ሥጋ የተረፈውን አጥንት ቀቅለው አነጡት፤ በስሱም ሰነጠቁት። የመርከቡን አካል ከእንጨት ከቀረጹ በኋላ የአጥንቱን ሳንቃ በደቃቅ የናስ ምስማር እየቸነከሩ አለበሱት። የሸራው ምሰሶም ሆነ አግዳሚው ከአጥንት የተሠራ ነው። ገመዱን ከፈረስ ጭራ፥ ከሐር ወይም ከሰው ጠጉር ገመዱት፤ ምሰሶውን ደግፎ የሚይዘውና አግዳሚውን የሚስበው ገመድ በየቦታው ተለይቶ ተወጥሯል። በአንዳንዶቹ ላይ በስተኋላ የወጣ ክር ሲሳብ መድፎቹ በአንድነት ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ሲለቀቅ ተመልሰው ይወጣሉ።

ምሰሶዎቹ ከመርከቡ አካል ጋራ ሲመዛዘኑ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ይረዝማሉ። በዚህ የሚነቅፏቸው አሉ፤ ነገር ግን ፕላን በእጁ ሳይኖር ከትዝታው ለሚሠራ እሥረኛ ነቀፋው የሚገባ አይመስለኝም።

የእጅ ሥራው በሠፈሩ በር በሚቆም ገበያ ይሸጥ ነበር። ገዢው እንግሊዛዊ ነበርና አንዳንዱ መርከብ የእንግሊዝ ስም ወይም ሰንደቅ ዓላማ ተሰጠው። በእንግሊዝ መርከብ የተማረከ ሰው ቀለቡን ለመደጎም የእንግሊዝን መርከብ በአጥንት ሲሠራ መዋሉ ያስደንቃል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሥራ አልተፈቀደም። ለባርኔጣ የሚሆን የገለባ ጉንጉን መሥራት ለምርኮኞቹ ተከለከለ፤ ምክንያቱም በገጠር የሚኖሩ የድኾች ሚስቶችና ልጆች በዚሁ ሙያ ይተዳደሩ ስለ ነበር፥ የምርኮኞቹ ርካሽ ሥራ እንጀራቸውን ይሻማ ነበር። ያም ሆኖ ጉንጉኑ በጠባቂዎች እጅ ጭምር በስውር ይወጣ ነበር። የአጥንት መርከብ ግን የእንግሊዝን ድኻ አላስራበም፤ እንደኔ ግምት፥ ሠሪዎቹን በሰላም ያሠራቸው የአሣሪዎቹ ርኅራኄ ሳይሆን ይህ ነው። ባለቀለም ገለባን ሰንጥቆ በሣጥን ላይ መለጠፍም ቢሆን አልተከለከለም፤ ከመርከቦቹ አንዳንዶቹ የቆሙበት መደብ በዚሁ ጥበብ ያጌጠ ነው።

ሠፈሩ በ1814 ዓ/ም ባዶ ሆነ፤ በ1816 ዓ/ም ፈረሰ። 1,770 ያህል ምርኮኞች ወደ አገራቸው ሳይመለሱ እዚያው ሞተዋል። ከሥራዎቻቸው ብዙዎቹ በፒተርቦሮ ቤተ መዘክር ይገኛሉ፤ የሠሪው ስም ግን በመደቡ ላይ እምብዛም አልተጻፈም።