ሠራዊቱ ተበተነ፤ ሸክሙስ?

ስለ ጦርነቶቻችን ብዙ ተጽፏል፤ መግደል በገዳዩ ላይ ስለሚተወው ጠባሳ ግን እምብዛም አልተነገረም። በምኖርበት በሚኒያፖሊስ ሲዋርድ ሰፈር የቀድሞ ወታደሮች ቡና ላይ ሲገናኙ ናቅፋም፣ አፍዓበትም፣ ምጽዋም ይነሳል። ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደከዳ ይተረካል። «እኔ የገደልኩት ሰው» ብሎ የሚጀምር ግን አልሰማሁም።

እ.ኤ.አ. በ1991 ደርግ ሲወድቅ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። ለዚሁ የተቋቋመው ኮሚሽን ወታደሩን ወደየቀዬው መለሰ፤ ለገበሬው እህል፣ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ሰጠ። በዚያ ድህነት ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። ነፍስ ያጠፋ ሰው ሌሊት ምን እንደሚያይ ግን ማን ጠየቀው?

አባቶቻችን ለዚህ ሥርዓት ነበራቸው። ዘማች ሲመለስ በጌታው ፊት ግዳይ ጥሎ ይፎክራል፤ አገሩም በእልልታ ይቀበለዋል። ቅዱስ ባስልዮስ በበኩሉ በ4ኛው መቶ ዘመን በጦርነት የገደለ ሰው ሦስት ዓመት ከቁርባን እንዲታቀብ መክሯል። አንዱ ክብር፣ ሌላው ንስሐ ነው፤ ሁለቱም ግን ሰውየውን ከነሸክሙ ብቻውን አይተዉትም። የ1991ዱ ወታደር «የደርግ ጦር» ተብሎ ስለተፈረጀ የሚፎክርበትም፣ የሚያለቅስበትም አደባባይ አጣ።

የቬትናም ዘማቾችም አንገታቸውን ደፍተው ነበር የተመለሱት። ሆኖም ዝም ስላላሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሕመማቸውን በመዝገቡ አሰፈረው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ከተፈረመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ ታጣቂ የመበተኑ ሥራ እንደገና ተጀምሯል። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬም ገንዘብ ቆጥረን ሰጥተን ብቻ ካሰናበትናቸው፣ ልጆቻቸው የሚወርሱት ያንኑ ዝምታ ነው።