ዜና ምርጫ ዘቤተ እስራኤል

በአምላክ ስም እንጀምራለን። ይህ መጽሐፍ ቤተ እስራኤል ባሕር ተሻግረው እንዴት መራጭና ተመራጭ እንደ ሆኑ፣ ሃይማኖታቸውም በፓርቲ ጓዳ ውስጥ እንዴት እንደ ሠራ ይናገራል። የተጻፈው በአዊ ምድር በእንጅባራ ነው፤ ሽማግሌዎች ዛሬም ኮሶበር የሚሏት።

የኢየሩሳሌምን ምርጫ ከአገው ጋር ምን አገናኘው የሚል ቢኖር ዝምድናው በአንደበት ነው ብለን እንመልሳለን። ቤተ እስራኤል በቀደመው ዘመን በጸሎታቸውም በቤታቸውም ይናገሩት የነበረው ቋራኛና ካይልኛ ከአዊኛ ጋር የአንድ እናት ልጆች ናቸውና፤ ሁሉም አገውኛ ነው። በ1763 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ጀምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው የዓባይን ምንጭ ሊያይ ወደ ግሽ ወረደ። ያ ሰው መኃልየ መኃልይን በፈላሻ ቋንቋም በዳሞት አገው ቋንቋም አስጽፎ ይዞ ሄደ። መጠሪያው የዘመኑ ነው፤ ባለቤቶቹ አይወዱትም፤ እኛም ከዚህ ወዲያ አንደግመውም። ሁለቱ ቋንቋዎች ግን በአንድ እንግዳ ከረጢት አብረው ተጓዙ።

መከራቸውም ተቀራራቢ ነበር። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በሰሜን ተራሮች የቤተ እስራኤልን አለቃ ራዳኢን ወጉ፤ በጎጃም አገው ላይም ዘመቱ። ዐፄ ሱስንዮስም እንደዚሁ በሁለቱ ላይ ብዙ ጊዜ ጦር አዘመቱ፤ በዘመናቸውም የሰሜኑ ጌዴዎን ወደቀ።

የጌዴዎን ስም ግን ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ በእኛው ምድር ተነሣ። በ1933 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ፣ በኅዳር ወር፣ ኦርድ ዊንጌት የሚባል የእንግሊዝ መኮንን በአውሮፕላን ሰከላ ወረደ፤ የአገሩ ሰው ኮሎኔል ሳንፎርድ ቀድመው በፋግታ ከአርበኞች ጋር ነበሩ። ዊንጌት ብሉይ ኪዳንን እንደ ጦር ካርታ የሚያነብ ሰው ነበርና ጭፍራውን የጌዴዎን ኃይል አለው። ጸሐፊውም ከፍልስጥኤም የመጣ አብርሃም አካቪያ የሚባል አይሁዳዊ ነበር። ጣሊያን ዳንግላን ለቅቆ ሲሄድ፣ ጃንሆይም ወደ ዙፋናቸው ሲመለሱ፣ ያ ጸሐፊ በጎጃም ዘመቻ ውስጥ ነበረ። ሰሜን ተራራ ላይ ዘመዶች አሉኝ ብሎ አስቦ እንደ ሆነ አልተጻፈልንም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በ1965 ዓ.ም. በዘመነ ማቴዎስ የሴፋርድ ዋና ረቢ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ ልጆች ናቸው ብለው በየኑ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የእስራኤል መንግሥት የመመለስን ሕግ አጸናላቸው። አንባቢ ይህን የረቢ ብይን በልቡ ይያዝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። የሊኩድ ፓርቲ መሪ ምናሔም ቤጊን ሥልጣን ከያዙ ጊዜ አንሥቶ ጉዞው በስውር ተጀመረ፤ በ1977 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ 8 ሺህ ያህል ነፍስ ከሱዳን በረሃ በዘመቻ ሙሴ ተሻገረ። ሱዳን ለመድረስ በእግር ሲጓዙና በመጠለያ ጣቢያ ሲጠብቁ የቀሩት ብዙዎች ናቸው። በ1983 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ ግንቦት 16 እና 17፣ ደርግ እየወደቀ ሳለ፣ 14,325 ሰው በ36 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዘመቻ ሰሎሞን ገባ።

የፊተኞቹ በደረሱ ጊዜ ግን ረቢዎቹ በሁለት ልብ ተቀበሏቸው። ነገዱን አምነው ሳለ ለጋብቻ ውኃ ውስጥ ይጠመቁ አሏቸው። ቤተ እስራኤልም በሺህ ዓመት ጾምና ስደት የጠበቅነውን ማን ይፈትነዋል ብለው በ1978 ዓ.ም. መባቻ በኢየሩሳሌም በዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጡ። ቄሶቻቸውም፣ ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ ኦሪትን በግዕዝ ያስተላለፉት፣ በዚያ አገር እንደ ረቢ አልተቆጠሩም። ልጆቹ ግን በብዛት ወደ መንግሥት የሃይማኖት ትምህርት ቤትና አዳሪ ቤት ገቡ። አባት በግዕዝ ሲጸልይ ልጅ ኪፓ ደፍቶ በዕብራይስጥ ይጸልይ ጀመር። በኋላ በምርጫ ሣጥን ፊት የሚታየው ልዩነት ሥሩ እዚህ ነው።

አሁን ስለ ፓርቲ የውስጥ ምርጫ እንናገር፤ በዚያ አገር ፕራይመሪስ ይሉታል። ከአጠቃላይ ምርጫ በፊት አንዳንድ ፓርቲ የአባልነት ክፍያ የከፈሉትን ጠርቶ ማን በዝርዝሩ ይቅደም ብሎ ድምፅ ያሰጣቸዋል። የአጠቃላይ መራጩ ቁጥር በ2015 ዓ.ም. ከ6.7 ሚሊዮን በላይ ነበረ፤ በሊኩድ የውስጥ ምርጫ ላይ ድምፅ መስጠት የሚችለው አባል ግን 140 ሺህ ያህል ብቻ ነበረ። በአገሪቱ ያሉት የኢትዮጵያ ልጆች ከነልጆቻቸው ከ160 ሺህ ይበልጣሉ። እንግዲህ በአገር ምርጫ ጠብታ የሆነው ድምፅ በፓርቲ ጓዳ ገንቦ ይሞላል ማለት ነው። አንከሻና ባንጃ፣ ዚገምና ቋኩራ ብለው ሰባት ቤት የሚቆጥሩት አገው ይህን ሒሳብ ለመረዳት መምህር አይፈልጉም፤ ትንሽ ቤት ሸንጎው ሲጠብ ድምፁ ይሰማል።

በ1988 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ ታላቅ ቁጣ ሆነ። ከኢትዮጵያ ልጆች የተለገሰው ደም ሳይነገራቸው ሲደፋ እንደ ኖረ ተሰማ፤ ጥር 19 ቀንም እጅግ ብዙ ሕዝብ በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጣ። በዚያ ሰልፍ ፊት ከነበሩት አንዱ አዲሱ መሰለ በዚያው ዓመት ግንቦት በሠራተኛ ፓርቲ ዝርዝር ወደ ክኔሴት፣ ማለት ወደ እስራኤል ምክር ቤት፣ ገቡ፤ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ልጅ እሳቸው ናቸው። ያስገባቸው የተዋረደው ደም እንጂ ምኩራብ አልነበረም፤ ይህን ልብ ይሏል።

በ1998 ዓ.ም. አብርሃም ንጉሤ አቲድ ኤሐድ የሚባል የራሳቸውን ፓርቲ ይዘው ወጡ፤ የማለፊያውን 2 በመቶ አላገኙም። ቤተ እስራኤል በአንድ ዝርዝር ሥር አልተሰበሰቡም፤ ለምን ቢባል አንዱ የረቢዎቹ ፓርቲ የሻስ፣ አንዱ የሊኩድ፣ አንዱ የመሐሉ ወገን ሆኖ ነበርና።

ያ መለያየት በ2000 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ በአንድ ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት ታየ። ሽሎሞ ሞላ በመሐሉ ፓርቲ በካዲማ ስም ክኔሴት ገቡ፤ ረቢ ማዞር ባሃይናም በሻስ ስም ገቡ። በዚያው ዓመትም ክኔሴት ስግድን፣ ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን የሚውለውን የቄሶቹን በዓል፣ የአገር በዓል አድርጎ ደነገገ። ሻስ በ1976 ዓ.ም. በእነዚያው በረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ መሪነት የቆመ ነው፤ ዝርዝሩንም የሚያወጣው የረቢዎች ጉባኤ እንጂ የአባላት ምርጫ አይደለም። እኔ ጸሐፊው በዚህ ብዙ ጊዜ እደነቃለሁ። ቤተ እስራኤልን ዘመዶቻችን ናቸው ያሉት ሰው ያቆሙት ቤት የውስጥ ምርጫ የለውም፤ ብይኑን ያከበረ ሰው ለዚያ ቤት ድምፁን በአገር ምርጫ ይሰጣል እንጂ ዕጩውን አይሰይምም።

የሽ አቲድ የሚባለው ፓርቲም መሪው ራሱ ዝርዝር የሚያወጣ ነውና በ2005 ዓ.ም. ፕኒና ታማኖ ሻታንና ሺሞን ሰሎሞንን ያለ ውስጥ ምርጫ አስገባቸው። ወይዘሮ ፕኒና ግንቦት 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ሚኒስትር ሆኑ፤ በኢትዮጵያ ተወልዶ ሚኒስትር የሆነ ከእሳቸው በፊት አልነበረም። ጋዲ ይባርከን በ2011 ዓ.ም. በሰማያዊና ነጭ ፓርቲ ገብተው በዓመቱ ወደ ሊኩድ ተሻገሩ። ስማቸው የአባቶች ምርቃት ነው፤ በዕብራይስጥ ጋዜጣ ግን ይቫርካን ሆኖ ይነበባል።

የውስጥ ምርጫው ኃይል የታየው በሊኩድ ነው። በ2007 ዓ.ም. ታኅሣሥ 22 ቀን አባላት ድምፅ ሲሰጡ አብርሃም ንጉሤ ለአዲስ ገቢዎች የተለየውን ቦታ አገኙ፤ በመጋቢትም ገቡ። ክርክራቸው አንድ ነበር፦ በጎንደርና በአዲስ አበባ የቀሩት ዘርአ ቤተ እስራኤል፣ አባቶቻቸው ክርስትና የተነሡ፣ ከዘመዶቻቸው ጋር ይገናኙ የሚል። ይህ ነገር ቤተ እስራኤልን ራሳቸውን ከፈላቸው። እናቱ በጎንደር የቀረችበት ሰው አባልነት ከፍሎ ለንጉሤ ተሰለፈ፤ ስለ ይሁዲነቱ ሲሰደብ ያደገ ሌላው ደግሞ ክርስትና የተነሣ ለምን ከእኛ ይቆጠራል አለ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሃይማኖት ነበር፤ ሣጥኑ ውስጥ የጣሉት ወረቀት ግን አንድ አልነበረም።

በ2014 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ ነሐሴ 4 ቀን፣ ሊኩድ ደግሞ አባላቱን ጠራ፤ የአዲስ ገቢዎች ሬዲዮ ኃላፊ የነበሩት ጸጋ መላኩም በዝርዝሩ ተሰልፈው ኋላ ክኔሴት ገቡ። በዚያው ነሐሴ የሃይማኖታዊ ጽዮናዊነት ፓርቲም አባላቱን አስመረጠ፤ ሞሼ ሰሎሞን ቦታ አገኙ፤ ጥቅምት 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ተመረጡ። ከኪፓና ከአዳሪ ትምህርት ቤት የወጣው ትውልድ እነሆ የራሱን ሰው በራሱ ቤት ሰየመ።

አብርሃም ንጉሤም በ2016 ዓ.ም. የእስራኤል አምባሳደር ሆነው ለኢትዮጵያ ተሾሙ። በጎንደር ጸሎት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት ተጠባባቂዎች ግን በቴል አቪቭ የተሰጠውን ድምፅ በሬዲዮ ይሰሙታል፤ እነሱ አይሰጡም።