የተገራች ሞተር

በገርጂ ወይም በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ሁለት ሦስት ወጣቶች አንዲት ስፖርት ሞተር ከበው ቆመው፥ አንዱ «አዲስ ይሻላል» ሲል፥ ሌላው «ያገለገለ ይበልጣል» ሲል፥ ሦስተኛውም ዋጋውን እየደመረና እየቀነሰ ሲከራከሩ የሚያይ ሰው፥ ነገሩ ከጃፓንና ከህንድ ፋብሪካ አብሮ የመጣ እንጂ ከአባቶቻችን የተወረሰ አይመስለውም። እኔ ግን ይህን ክርክር በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የበቅሎ ገበያ ነው።

ሞተር ወደ አገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ ለክብር የሚቀመጡባት፥ ለሩቅ መንገድ የምትታመን፥ ለዓይንም ደስ የምታሰኝ መጓጓዣ ሰጋር በቅሎ ነበረች፤ በቅሎ የሚገዛም ሰው «አዲስ» የሚባል ነገር አይሻም ነበር፥ ያልተገራች በቅሎ ጌታዋን ከገደል አፋፍ የምትጥል ናትና። ስለዚህ ገዢው ዕድሜዋን ለማወቅ ጥርሷን ገልጦ ያያል፥ ኮርቻ የላጠው ቁስል እንዳለባት ጀርባዋን ይዳብሳል፥ ወዲያና ወዲህ እያስኬደ እርምጃዋን ይመለከታል፥ ከሁሉ ይልቅ ግን ማን ገራት፥ ማንስ ተቀምጦባት ኖረ ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም የስርቆት አለመሆኗን ለማስረዳት ዋስ ይጠራል። «ያገለገለ» የምንለው ቃል ራሱ፥ ልብ ብሎ ላስተዋለው፥ ካህን በመቅደስ፥ አሽከርም በጌታው ቤት ከሚፈጽመው አገልግሎት ጋራ አንድ ሥር ያለው ነው እንጂ አሮጌና ውዳቂ ማለት አይደለም።

በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውን እያቋረጠ ለዳግማዊ ምኒልክ ባመጣ ጊዜ፥ መኪናው ከመንገዱ ክፋት የተነሣ ቤተ መንግሥት የደረሰው አገልግሎ ነው ለማለት ይቻላል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ደግሞ የኢጣልያ ጦር ሞተር ሳይክሎቹን እያስጓራ መጣ፤ ድል ሆኖ ሲወጣም ከብረቱ ይልቅ ዕድሜ ያገኘው የጋራዡ ቋንቋ ነው። ፍሬን፥ ጎማ፥ ካንዴላ፥ ማርሽ፥ ፍሪሲዮን፥ ማርሚታ፥ ካላማዳሪ፥ ታርጋ፥ ቦሎ፦ እነዚህ ሁሉ ከዚያ ቋንቋ የመጡ ሆነው ሳለ፥ ዛሬ በአንደበታችን እንደ እናት ቋንቋ የሚፈስሱ ናቸው።

ቦሌ በዚያን ጊዜ የእርሻ ማሳና የከብት ግጦሽ ነበር። የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት የማይበቃ ሆኖ በመገኘቱ በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲሱ ማረፊያ በዚህ ሜዳ ላይ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ጄቶቹን አስገባ፥ በዚያው ዓመት በግንቦት ወርም የአፍሪካ መሪዎች የአንድነቱን ድርጅት ለመመሥረት መጡ። ከማረፊያው ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደው መንገድ የነገሥታትና የእንግዶች መቀበያ ሲሆን፥ ከአውቶሞቢሎቹ ፊት በሥርዓት ተሰልፈው የሚነዱት ባለ ሞተር አጃቢዎች በመንገድ ዳር ለቆመው ልጅ ከእንግዳው የበለጠ ትዕይንት ነበሩ። ዲፕሎማቱና የውጭ ድርጅት ሠራተኛው በዚህ ሰፈር ሲበዛም፥ የአገልግሎት ዘመኑን ፈጽሞ ሲሄድ ዕቃውን የመሸጥ፥ ኤምባሲውም ያገለገሉትን ተሽከርካሪዎች በጨረታ የማውጣት ልማድ ጸና፤ ቀረጥ ያልተከፈለበትን የገዛ ሰው ግን ስሙን ከማዛወሩ በፊት ለጉምሩክ ሒሳቡን ማወራረድ እንዳለበት ዘንግቶ የተቸገረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናትና አየሯ ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ፍጥረት ሁሉ የሚተነፍስ ስለሆነ በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። በካርቡራተር የሚሠራ ከሆነማ ጉዳቱ እጥፍ ነው፥ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በልኩ አይቀንስለትምና፤ የማይቃጠለው ትርፍ ነዳጅ ጥቁር ጭስ ይሆናል፥ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ለባሕር ጠረፍ አየር ተስተካክሎ ከሣጥኑ የወጣው አዲስ ሞተር ዳገት ላይ ሲያነክስ፥ አሥር ዓመት እዚሁ የኖረው፥ መካኒኩ የነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳውን በጠባብ የለወጠለት፥ በጎኑ አልፎት ይሄዳል። አዲሱ ደግሞ ለመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ጉልበቱን ሳያስጨርሱ በትዕግሥት ሊያለማምዱት ይገባል፤ መግራት ማለት ይኸው አይደለምን? ነዳጃቸውን በኮምፒዩተር የሚመጥኑት የዛሬዎቹ ሞተሮች ይህን ችግር አቃልለውታል፤ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ጎልተው ከሚታዩት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ወገን የሆኑትና በቦሌ ጎዳና ዕቃ የሚያደርሱት ሞተሮች ደግሞ ፈጽሞ አይተነፍሱምና ለከፍታ ግድ የላቸውም፤ የእነርሱ ዕድሜ የሚነበበው በባትሪያቸው ነው።

የእኅቴ ልጅ ያገለገለች ስፖርት ሞተር ለመግዛት በቈረጠ ጊዜ፥ ገርጂ ወዳለ አንድ ግቢ አንድ አረጋዊ መካኒክ ይዘን ሄድን። ልጁ ዓይኑ ከቀይ ቀለሟና ወደ ፊት ከሚያስጎነብሰው መሪዋ አልነቀል ብሎ፥ «ጋሼ፥ እንዴት አዩዋት?» ቢላቸው፥ እርሳቸው መልስ ሳይሰጡ መዳፋቸውን ከሞተሩ ጎን አስጠግተው ወዲያው አነሡና ወደ ሻጩ ዞሩ።

«ልጄ፥ ለምን አሞቅኻት? እኔ ማየት የምፈልገው ቀዝቅዛ ስትነሣ ነው።»

ሻጩ አፈረ፤ እኛም እስክትቀዘቅዝ ተቀምጠን ቡና ጠጣን። በአንድ ጊዜ ተነሣች። መልሰው አጥፍተው ካንዴላውን ፈቱና ጫፉን ወደ ፀሐይ አዙረው ተመለከቱ፤ ጥቁር ቢሆን ነዳጅ መብዛቱን፥ ነጭ ቢሆን ማነሱን፥ ዘይት ቢቀባ ፋሻው መበላቱን ያሳይ ነበር፥ የዚህችኛዋ ግን የተቈላ ቡና ይመስል ነበር። ቀጥሎም ጎንበስ ብለው የቀኙን የፍሬን እጀታና የእግር ማሳረፊያውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። «ወድቃለች» አሉ፤ «ነገር ግን ቆማ ሳለች ነው፥ እየተነዳች ቢሆንማ ኖሮ ጎኗም በተላጠ።» በመጨረሻ በመሪው አንገት ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሊብሬው ጋራ ፊደል በፊደል አስተያዩና፥ ሻጩን «ማን ሲነዳት ኖረ?» ብለው ጠየቁት። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ቢደነግግም፥ ልጁ ገንዘቡን የቈጠረው ይህችን ጥያቄና መልሷን ከሰማ በኋላ ነው።

ባለ ሞተር ቀማኞች በመብዛታቸው ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር በከተማዪቱ እንዳይንቀሳቀስ በታገደ ጊዜ፥ የልጁ ሞተር በግቢያችን ሸራ ለብሳ ከረመች። ሕዝቡ የደረሰበትን ሥጋት ስለማውቅ እገዳውን ምክንያት የለውም አልልም፤ በጽድቅ ሠርተው የሚያድሩ ባለ ሞተሮች አብረው መቀጣታቸው ግን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ኋላም ከሐዋሳ አንድ ገዢ መጣ። አረጋዊው መካኒክ እንደገና ተጠሩ፤ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ናትና፥ ሞተሯ መኪና ላይ ከመጫኗ በፊት ካርቡራተሩን ፈትተው ጠባቡን የነዳጅ ማሳለፊያ በሰፊው ለወጡላት፥ ጠባቡንም በወረቀት ጠቅልለው ለገዢው ሰጡት፤ ምናልባት አንድ ቀን ብትመለስ ብለው።