ሕግ ያልገዛቸው የእንግሊዝኛ ግሦች

በትምህርት ቤታችን የእንግሊዝኛን ግሥ በሦስት መልኩ በቃሉ ያላጠና ተማሪ አይገኝም። «ሲንግ፥ ሳንግ፥ ሰንግ» እያልን ስንደግም፥ ከመካከላችን አንዱ «ሲንግድ» ያለ እንደ ሆነ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል፤ የተሳሳተውም ተማሪ ሁለተኛ እጁን ለማንሣት ያፍራል። እኛም ስቀናል፥ በየተራችንም ተስቆብናል። የእነዚህን ግሦች ታሪክ ከመረመርን በኋላ ግን ሳቃችን ካለማወቅ የመጣ እንደ ነበረ ተረዳን።

አንግሎችና ሳክሶኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ5ኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግረው ወደ ብሪታንያ ሲገቡ፥ ቋንቋቸው ኃላፊ ጊዜን የሚያመለክትባቸው ሁለት መንገዶች ነበሩት። አንዳንዱ ግሥ የውስጥ ድምፁን ይለውጣል፤ ሌላው በመጨረሻው ላይ «ድ» ወይም «ት» ይጨምራል። ጀርመናዊው ሊቅ ያኮብ ግሪም በ19ኛው መቶ ዓመት የፊተኛውን «ብርቱ»፥ የኋለኛውን «ደካማ» ብሎ ሰየመው። ስለዚህ «ሳንግ» የጥንት ሕግ ጠባቂ ነው እንጂ ሕግ አፍራሽ አይደለም።

በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች እንግሊዝን ድል ካደረጉ በኋላ በቤተ መንግሥቱ ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ይነገር ነበር። ከፈረንሳይኛ የገቡት ግሦች አብዛኞቹ ደካማውን መንገድ ያዙ፤ ከጥንቶቹ ብርቱዎችም ብዙዎቹ ወደዚሁ አዘነበሉ። ለምሳሌ «ሄልፕ»፥ ማለት ረዳ፥ ዛሬ በኃላፊ ጊዜ «ሄልፕድ» ይባላል፤ በ1611 ዓ.ም. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቁጥር 54 «ሆልፐን» ተብሎ ይነበባል። እንግዲህ በመጀመሪያ «ሄልፕድ» ያለው ሰው ሳይሳቅበት የቀረ አይመስለንም!

ታዲያ «ሲንግ»፥ «ድሪንክ»፥ «ጊቭ» ስለ ምን አልተለወጡም? ዕለት ዕለት በሰው አፍ ስለሚነገሩ ነው። ሕፃን አዘውትሮ የሰማውን አይረሳም፤ ከስንት አንዴ የሚሰማውን ግን በተለመደው ደንብ ያበጀዋል። የእንግሊዝ ሕፃናትም አፍ ሲፈቱ እንደ እኛው ይሳሳታሉ።

ነገሩ ለእኛስ እንግዳ ነውን? ሁለቱ ቋንቋዎች ባይዛመዱም፥ «ሰበረ፥ ይሰብራል፥ ሰብሮ» ስንል እኛም የግሡን የውስጥ ድምፅ እንለውጣለን። ይህንንም ከእናቶቻችን አፍ ሰማነው እንጂ ማንም በቃል አላስጠናንም።

ስለዚህ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ሦስቱን መልክ በቃል ከማጥናት ጋር ደጋግማችሁ አንብቡ፥ ተናገሩም። «ሲንግድ» ባለው ጓደኛችሁም አትሳቁበት፤ የተሳሳተው ደንቡን ስላወቀ ነውና። እጁን እንደገና ያንሣ።