ሦስተኛው ፔዳል፦ አውቶማቲክ መኪናን ወደ ማኑዋል የመመለስ ታሪክ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ተገጥሞለት የተሠራን አሮጌ መኪና ወደ ማኑዋል መቀየር፣ የመጀመሪያው ባለቤት ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ የተገላገለውን ፍሪሲዮን ሌላ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ የበለጠ ከፍሎ የሚያስመልስበት ሥራ ነው። ሥራው ከሁሉም በላይ የተለመደው በአሜሪካ ነው፤ አውቶማቲክ መኪና ቀድሞ የተስፋፋውም እዚያው ነበርና። የልማዱን አመጣጥ ለመረዳት መጀመሪያ ፍሪሲዮን ለምን እንደተጠላ፣ ቀጥሎም ፋብሪካዎቹ ሳያስቡት ለመመለሻው እንዴት ቦታ እንደተዉለት ማየት ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ማርሽ መቀየር ሙያ የሚጠይቅ ነገር ነበር። ካምቢዮው ውስጥ ያሉት ማርሾች እኩል ፍጥነት ላይ ሳይደርሱ እንዲገናኙ ከተገደዱ ጥርስ ከጥርስ ይፋጫል። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፣ የሞተሩን ድምፅ እያዳመጠ ነዳጁን መመጠን ነበረበት። ይህን ጣጣ ያቀለለው ካዲላክ በ1928 ይፋ ያደረገው ሲንክሮሜሽ ነው፤ ማርሾቹ ከመያያዛቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል መላ። የዘዴው ባለቤት ኤርል ቶምፕሰን የተባለ መሐንዲስ ነበር። ቶምፕሰን ግን በዚህ አላበቃም። በ1930ዎቹ በጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ፍሪሲዮኑን ራሱን ከሾፌሩ እግር ሥር ለማጥፋት የሚሠራውን ቡድን መራ። ማኑዋልን ለተራው ሰው ያስለመደውም ከገበያ ለማስወጣት የተነሣውም አንድ ሰው መሆኑ ያስገርማል።

የቡድኑ ውጤት ሃይድራማቲክ ተባለ። በ1939 መገባደጃ ላይ ለ1940 ኦልድስሞቢል መኪኖች ሲቀርብ ተጨማሪ ዋጋው 57 ዶላር ነበር። ወደ ፊት የሚያስኬዱ አራት ማርሾች ነበሩት። ከሞተሩ ጋር የሚያያዘው በሸካራ ሸራ ሳይሆን በዘይት ነው፤ በሞተሩ የሚሽከረከረው ጎድጓዳ ዲስክ ዘይቱን ፊት ለፊቱ ወዳለው ዲስክ እየወረወረ ያዞረዋል። ሐሳቡ ጀርመናዊው ሄርማን ፌቲንገር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለመርከብ ሞተር ካወጣው ፈጠራ የመጣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሃይድራማቲክ ወደ ኤም5 ስቱዋርትና ኤም24 ቻፊ ታንኮች ገባ፤ እያንዳንዱ ታንክ ሁለት የካዲላክ ሞተር ከሁለት ካምቢዮ ጋር ይዞ ነበር። ለገበያው ከዚህ የተሻለ የጥንካሬ ማስረጃ አልነበረም።

ከጦርነቱ በኋላ ተፎካካሪዎች ተከታትለው መጡ፦ የቢዩክ ዳይናፍሎው በ1948፣ የሸቭሮሌ ፓወርግላይድ በ1950፣ የፎርድ ፎርዶማቲክ በ1951። ሮልስ ሮይስ ሳይቀር ሃይድራማቲክን በፈቃድ ራሱ ማምረት ጀመረ። ነሐሴ ወር 1953 ላይ በሚቺጋን ክፍለ ግዛት፣ ሊቮኒያ ከተማ ያለው የሃይድራማቲክ ፋብሪካ በእሳት ወደመ። በዚያን ጊዜ ጄኔራል ሞተርስ የወሰደው እርምጃ ሁለት ነገር ያሳያል። ኩባንያው ለካዲላክና ለኦልድስሞቢል የቢዩክን ዳይናፍሎው፣ ለፖንቲያክ የሸቭሮሌን ፓወርግላይድ አስገጠመ። አውቶማቲክ የለመደ ደንበኛ ወደ ፍሪሲዮን እንዲመለስ መጠየቅ የማይታሰብ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ አንድ መኪና ጨርሶ ላልታሰበለት ካምቢዮ ቦታ ሊገኝለት እንደሚችል በፋብሪካ ደረጃ መረጋገጡ ነው። ኋላ በየጋራዡ የተሠራው ሁሉ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው።

ለማኑዋል መመለሻውን በር የከፈተው ግን የአሜሪካ መኪና አሻሻጥ ነው። አንድ አካል ተሠርቶ ሞተሩና ካምቢዮው እንደ ገዢው ፍላጎት ይገጠም ነበር። ሚያዝያ 17 ቀን 1964 ገበያ ላይ የዋለው ፎርድ ሙስታንግ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በመነሻ ዋጋው ባለ ሦስት ማርሽ ማኑዋል፣ ጨምሮ ለከፈለ ባለ አራት ማርሽ ማኑዋል ወይም ሲ4 የተባለው አውቶማቲክ ይገጠምለታል። ወለሉ፣ ሻንሲውና የሞተሩ ክፍል በመሠረቱ አንድ ነው። በብዙዎቹ አውቶማቲኮች ላይ የፍሪሲዮኑ ዘንግ የሚያልፍበት ቀዳዳ እንኳ ተቀርጾ በክዳን ብቻ ተደፍኗል። በዚያው ዘመን ወጣቱ በቀጥታ መስመር እሽቅድድም ተጠምዶ ስለነበር ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ የክብር ምልክት ሆነ። በ1957 ኮርቬት ላይ የመጣው የቦርግ ዋርነር ቲ10፣ በ1963 የተከተለው የጄኔራል ሞተርስ መንሲ፣ በ1964 ፖንቲያክ ጂቲኦ ላይ ከፋብሪካ የተገጠመው የኸርስት የማርሽ ዘንግ ሁሉም የዚህ ስሜት ልጆች ናቸው። ፓወርግላይድ ባለ ሁለት ማርሽ ብቻ መሆኑ የሸቭሮሌ ባለቤቶችን ትዕግሥት ይፈታተን ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቅየራዎች ቀላል ነበሩ፤ ከተጋጨ የዚያው ሞዴል መኪና ላይ ፔዳሉን፣ ፍሪሲዮኑንና ካምቢዮውን ፈትቶ መውሰድ።

ሥራው ከመኪናው ሥር የሚጀመር ይመስላል፤ እውነተኛው መከራ ግን መሪው ሥር ነው። የአውቶማቲኩ ሰፊ የፍሬን ፔዳል ከነመስቀያው ይወጣና ሁለት ፔዳሎች በአንድ ዘንግ ላይ የሚንጠለጠሉበት መስቀያ ይገባል። ሜካኒኩ ወለሉ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ራሱን በፔዳሎቹ መካከል ቀብሮ፣ በእጁ እንጂ በዓይኑ የማያገኛቸውን ብሎኖች ይፈታል። ከሥር አውቶማቲኩ ከነዘይቱ ሲወርድ፣ ሞተሩ ጀርባ ላይ ያለችው ስስ ብረት በከባድ ቮላኖ ትተካለች፤ ፍሪሲዮን ሸራው የሚነክሰው እሱን ነውና። ከዚያ ክራንክሻፍቱ መጨረሻ ላይ የካምቢዮውን ዘንግ ጫፍ የምትደግፍ ትንሽ ኩሽኔታ ትገባለች። እዚህ ላይ ፋብሪካው አንዳንዴ ያስቸግራል። ለአውቶማቲክ በታሰቡ አንዳንድ የክራይስለርና የሌሎችም ሞተሮች ላይ የኩሽኔታዋ ቀዳዳ በልኩ አልተጨረሰም፤ ኩሽኔታዋን ረስቶ ካምቢዮ የገጠመ ሁሉ ደግሞ እንደገና ያወርደዋል። በፎርድ 302 ሞተር ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠሩት 28፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት 50 ተብሎ የሚለካ የክብደት ማመጣጠኛ ያለው ቮላኖ ይፈልጋሉ። የአንዱን ለሌላው የሰጠ ሰው ሞተሩ ገና ሲነሣ መንቀጥቀጡን ያያል።

የቀረው ጥቃቅን ነው፣ ግን የሚዘነጋ አይደለም። ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱት የዘይት ቱቦዎች ይነሣሉ፤ የራዲያተሩ ቀዳዳዎች ይደፈናሉ። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ ተለክቶ ካስፈለገ ያጥራል። አውቶማቲኩ ማርሽ ውስጥ እያለ ሞተሪኖው እንዳይሠራ የሚከለክለው ማብሪያ ብዙ ጊዜ ሽቦው ተቀጥሎ ይታለፋል፤ ከዚያ ወዲያ ማርሽ ውስጥ የቆመ መኪና ቁልፉ ሲዞር ወደ ፊት ሊፈናጠር ይችላል። ይህን በፍሪሲዮን ፔዳሉ ላይ በሚሠራ ማብሪያ አለመተካት ስንፍና እንጂ ቁጠባ አይደለም።

ስለ ማኑዋል ስሜት ብዙ ይባላል። ልማዱን ከጥቂት እሽቅድድም ወዳዶች አውጥቶ ወደ ብዙኃን ያሸጋገረው ግን የነዳጅ ዋጋ ነው። በ1960ዎቹ ካምቢዮዎች አራተኛው ማርሽ የሞተሩን ዙር እንዳለ ስለሚያስተላልፍ፣ በፈጣን መንገድ ላይ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይጮኻል። ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ ፋብሪካዎች ሞተሩን የሚያሳርፍ አምስተኛ ማርሽ መፈለግ ጀመሩ። ቦርግ ዋርነር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ቲ5 በ1983 ሙስታንግ ላይ ተገጠመ። በብዙዎቹ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሙስታንጎች አምስተኛው ማርሽ 0.68 ነው፤ በአራተኛ በደቂቃ 3,000 ዙር የሚዞር ሞተር በዚያው ፍጥነት ወደ 2,040 ይወርዳል። እነዚህ መኪኖች አርጅተው ወደ ብረት ማከማቻ ሲገቡ የ1960ዎቹ ሙስታንግ ባለቤቶች ቲ5ን በርካሽ አገኙት፤ ሁለቱ ሞተሮች ከአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ መግጠሙም አልከበደም። ነዳጅ ለመቆጠብ የተሠራ ካምቢዮ የፈጣን መኪና ወዳጆች መጫወቻ ሆነ።

ቲ5 ለትላልቆቹ ሞተሮች ጉልበት ይሰበር ነበር። ክፍተቱን የሞላው በሜክሲኮ ኬሬታሮ የተቋቋመው ትሬሜክ ነው። በ1990ዎቹ የቦርግ ዋርነርን የማኑዋል ካምቢዮ ሥራ ተረከበና ቲ5ን ራሱ እያመረተ፣ ጠንከር ያሉ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮዎችንም ለአሮጌ መኪኖች በሚስማማ መልክ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ከብረት ማከማቻ ፍለጋ ወደ ሙሉ ዕቃ ግዢ ተለወጠ፤ ፔዳሉ፣ ፍሪሲዮኑ፣ መደገፊያውና ዘንጉ በአንድ ሣጥን ይመጣሉ። ልማዱ አትላንቲክንም ተሻግሯል። ጃጓር በ1966 ያወጣው ባለ አራት መቀመጫ ኢ ታይፕ አውቶማቲክ ይገጠምለት ነበር፤ ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ኋላ ማኑዋል ተደርገዋል፣ አንዳንዶቹም በዚያው በአሜሪካው ቲ5።

ሁሉም መኪና ግን አይነካም። በ1965 ሙስታንግ በር ላይ ያለችው ሳህን አውቶማቲክ ከሆነ 6፣ ባለ አራት ማርሽ ማኑዋል ከሆነ 5 የሚል ቁጥር ይዛለች፤ ካምቢዮ ቢቀየር ቁጥሩ አይቀየርም። እንደ ፋብሪካው መሆንን ለሚፈልግ ሰብሳቢ ይህ ዋጋ ይቀንሳል። በብርቅ ሞዴሎች ላይ ቅየራው የማይመከረው ለዚህ ነው። በብዛት በተመረቱት ላይ ግን አብዛኛው ገዢ ሦስተኛው ፔዳል መኖሩን ይመርጣል። ልባም ባለቤት ሻንሲውን ሳይቆርጥ የወረደውን ካምቢዮ ከነብሎኖቹ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ መኪናው ሲሸጥም አብሮ ይሰጣል።