ጊዜያዊ የፕሮስቴት ስቴንት

ጊዜያዊ የፕሮስቴት ስቴንት በፕሮስቴት ዕጢ ማደግ የጠበበውን የሽንት ቧንቧ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ከፍቶ ለማቆየት ወደ ውስጥ የሚገባና ጊዜው ሲደርስ የሚወጣ አጭር መደገፊያ ነው። ከተለመደው ካቴተር የሚለየው ከሰውነት ውጭ የሚንጠለጠል ቱቦና የሽንት ከረጢት ስለሌለው ነው። የሽንት መቆጣጠሪያው ጡንቻ ነፃ ስለሚሆን ታካሚው ሽንቱን ይዞ ይቆያል፤ ሲፈልግም ይሸናል።

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የሽንት ቧንቧን ከብቦ የሚገኝ የወንዶች ዕጢ ነው። በወጣትነት ክብደቱ 20 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ዕድሜ ሲገፋ በብዙዎች ላይ ቀስ እያለ ያድጋል። ይህ እድገት ካንሰር አይደለም። ዕጢው የሽንት ቧንቧን ሲያጠብ ግን ሽንት ቶሎ አልመጣ ይላል፣ ይቆራረጣል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሣል፤ ከተሸናም በኋላ ፊኛው ባዶ የሆነ አይመስልም። ሐኪሞች የሕመሙን ክብደት የሚለኩት በ7 ጥያቄዎች ነው፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 35 ይደርሳል።

በኢትዮጵያ ገጠር ችግሩ የእርጅና ነው ተብሎ ለዓመታት ይታለፋል፤ ብዙዎች ሐኪም ቤት የሚደርሱት ሽንት ጨርሶ ሲያዝ ነው። ለምሳሌ ጉንደ ወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ከዚያ ደጋ የተነሣ አረጋዊ ለስፔሻሊስት ሕክምና የሚያቀናው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወዳለበት ወደ ባሕር ዳር ነው። ሽንት ለተያዘበት ሰው መጀመሪያ የሚደረገው ካቴተር ማስገባት ነው፤ ከዚያ የቀዶ ሕክምና ተራ መጠበቅ ይመጣል። ካቴተሩ በቆየ ቁጥር ባክቴሪያ ወደ ፊኛ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። በአገሪቱ ሆስፒታሎች ሆድን ከፍቶ ዕጢውን ማውጣት አሁንም በስፋት የሚሠራ ሕክምና ነው። በሽንት ቧንቧ በኩል መሣሪያ አስገብቶ ዕጢውን መፋቅ ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያ ይጠይቃልና በየቦታው አይገኝም። ስቴንት ሊያሳጥረው የሚችለው ይህንኑ በካቴተር የሚያልፍ የጥበቃ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ተሞከረ የተባለው በማን ላይ እንደሆነ አጥብቆ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያውን የፕሮስቴት ስቴንት እ.ኤ.አ. በ1980 ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀው ፋቢያን የተባለ ሐኪም ነው፤ እንደ ሽቦ ምንጭ የተጠመዘዘ የማይዝግ ብረት ነበር። በወርቅ የተለበጡት፣ ኋላም ከኒኬልና ከታይታኒየም ቅይጥ የተሠሩት ተከተሉት። ከእነዚህ አንዱ ሜሞካት ይባላል፤ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ ሲፈስበት ጫፉ ይሰፋና ቦታውን ይይዛል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ለስልሶ ይወጣል። የሁሉም ጣጣ ተመሳሳይ ነው፦ ከቦታቸው መንሸራተት፣ በላያቸው የሽንት ጨው መጋገር፣ ኢንፌክሽን፣ ሕመምና ደም መቀላቀል።

ስፓነር የተባለው የሲሊኮን ስቴንት ፊኛ ውስጥ በትንሽ ኳስ ይደገፋል፤ ከመቆጣጠሪያው ጡንቻ በታች ደግሞ መልሕቅ አለው። የሚወጣው ክር በመሳብ ነው። በአሜሪካ ዕጢያቸው በማይክሮዌቭ ሙቀት በታከመ 186 ወንዶች ላይ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ሕክምናው ዕጢውን ለጊዜው ያሳብጣል፤ ስቴንት የገባላቸው ወንዶች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልገባላቸው የተሻለ ይሸኑ ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2006 የፈቀደውም ለዚሁ የማገገሚያ ጊዜ፣ ቢበዛ ለ30 ቀን ነው።

አይቲንድ አሠራሩ ይለያል። ሜዲ ቴት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የሠራው ይህ የኒኬልና የታይታኒየም መሣሪያ ከ5 እስከ 7 ቀን ብቻ ይቆያል። ሦስቱ ዘንጎቹ የዕጢውን ሥጋ በሦስት አቅጣጫ ተጭነው የደም ዝውውሩን ይቀንሳሉ፤ መሣሪያው ከወጣ በኋላ የተጫኑት ቦታዎች ቦይ ሆነው ይቀራሉ። በአሜሪካና በካናዳ 175 ወንዶች በዕጣ ተከፍለው፣ ለአንዱ ወገን አይቲንድ፣ ለሌላው ለማስመሰል ካቴተር ብቻ ገባላቸው። ከሦስት ወር በኋላ በሕመም መለኪያው ቢያንስ 3 ነጥብ የተሻላቸው ከአይቲንድ ወገን 78.6 ከመቶ፣ ከካቴተሩ ወገን 60 ከመቶ ነበሩ። የሁለተኛው ወገን ቁጥር ችላ ሊባል አይገባም፦ ታከምሁ ብሎ ማመን ብቻውን ብዙ ሰው ቀለል እንዲለው ያደርጋል፤ ያለ ማነጻጸሪያ ወገን የተሠራ የስቴንት ሙከራ ስለዚህ ብዙም አያሳምንም።

በዚያ ሙከራ የገቡት የዕጢያቸው መጠን ከ25 እስከ 75 ሚሊ ሊትር የሆነ፣ ከሸኑም በኋላ ፊኛቸው ውስጥ ብዙ ሽንት የማይቀር ወንዶች ናቸው። ዕጢው እጅግ አድጎ፣ ሽንቱ ተይዞ በካቴተር የሚኖረው ሰው አልተካተተም። የጎጃሙን አረጋዊ የሚመስለው ታካሚ ግን ይህኛው ነው፤ የ78.6 ከመቶው ውጤት ለእሱ ተስፋ ተደርጎ ሊነገር አይችልም።

ለእሱ የሚቀርቡ ሁለት አጠቃቀሞች አሉ። አንደኛው ስቴንትን ለምርመራ መጠቀም ሲሆን በስዊድን ተሠርቶበታል። ሽንት ለረጅም ጊዜ የታፈነበት ፊኛ ጡንቻው ሊዝል ይችላል። ስቴንት ገብቶ ታካሚው መሽናት ከቻለ መሰናክሉ ዕጢው ነው፤ ካልቻለ ግን ከባድ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊት ፊኛው ራሱ መመርመር አለበት። ሽንቱ ካመለጠውም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሊገጥመው የሚችለውን አስቀድሞ ያሳያል።

ሁለተኛው በሰውነት ውስጥ ሟሙቶ የሚያልቅ ስቴንት ነው። የፊንላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሠርተውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ዕጢን ከሚያሳንሰው ዱታስትራይድ ከተባለው መድኃኒት ጋር አጣምረው ሽንት በተያዘባቸው ወንዶች ላይ ሞክረውታል። መድኃኒቱ ሥራውን የሚያሳየው ከወራት በኋላ በመሆኑ ስቴንቱ እስከዚያ መንገዱን እንዲይዝ ታስቦ ነው። ማውጫ ቀጠሮ ስለማይፈልግ ከጉንደ ወይን ተነሥቶ በ30 ቀን ውስጥ ለመመለስ ለሚቸገር ሰው ይህ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። የተሞከረው ግን በ10 ሰዎች ላይ ብቻ ነበር።