ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚከለሱ ዋና ዋና የሒሳብ ቀመሮች እና ማረጋገጫዎቻቸው

ጎንደር፦ የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽ እና ከዚያ በላይ ውጤት የሚያመጡ ተማሪዎች ጥቂት ኾነው ቆይተዋል። በ2014 ዓ.ም ከተፈታኞች 3 ነጥብ 3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5 ነጥብ 4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8 ነጥብ 4 በመቶ የሚኾኑት ብቻ ናቸው ይህን ውጤት ያስመዘገቡት።

በአማራ ክልል በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርታቸው የተቆራረጠባቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ከአዘዞ ቀጥሎ በምትገኘው ጠዳ እና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ደግሞ ተማሪው ከደብተሩ ጎን ለጎን የእርሻውንም ሥራ ያግዛል። ጊዜ ለሚያጥረው ተማሪ የአራት ዓመት ቀመሮችን አንድ በአንድ መሸምደድ አያዋጣውም። የሚሻለው ጥቂት እናት ቀመሮችን መያዝ፣ ሌሎቹ ከእነርሱ እንዴት እንደሚወለዱ ማወቅ እና እያንዳንዱን ቀመር ከነማረጋገጫው ማጥናት ነው።

የመማሪያ መጻሕፍቱ የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ ወላጆችም እንዲከታተሉት ታስቦ የታወቁት ቁጥሮች በ"ሀ"፣ በ"ለ" እና በ"ሐ"፣ የሚፈለገው ቁጥር ደግሞ በ"መ" ተወክለዋል።

የድምር ካሬ

(ሀ + ለ)² = ሀ² + 2ሀለ + ለ²

ተማሪዎች በብዛት የሚዘነጉት መካከለኛውን "2ሀለ" ነው። ጎኑ 50 ሜትር የኾነ አራት ማዕዘን መሬት ሩብ ሄክታር ማለትም 2 ሺህ 500 ካሬ ሜትር ነው። ጎኑ 30 እና 20 ተብሎ ቢከፈል 900 + 1 ሺህ 200 + 400 ይኾናል። መካከለኛውን የረሳ ተማሪ 1 ሺህ 200 ካሬ ሜትር መሬት ጠፋበት ማለት ነው። የዚህ ቀመር ወንድም ሀ² − ለ² = (ሀ − ለ)(ሀ + ለ) ነው።

ባለ ሁለተኛ ደረጃ እኩልታ

ሀመ² + ለመ + ሐ = 0 ሲኾን፣ መ = (−ለ ± √(ለ² − 4ሀሐ)) ÷ 2ሀ

ዙሪያው 100 ሜትር፣ ስፋቱ 600 ካሬ ሜትር የኾነ መሬት ርዝመት እና ወርድ ቢጠየቅ፣ የሁለቱ ድምር 50፣ ብዜታቸው 600 ነው። እኩልታው መ² − 50መ + 600 = 0 ይኾናል። ከሥሩ ምልክት ውስጥ 2 ሺህ 500 − 2 ሺህ 400 = 100 ይገኛል፤ ሥሩም 10 ነው። ስለዚህ መልሱ 30 እና 20 ይኾናል። ማረጋገጫው የመልሶቹ ድምር −ለ ÷ ሀ፣ ብዜታቸው ደግሞ ሐ ÷ ሀ መኾኑ ነው። በሥሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ከዜሮ ካነሰ እውነተኛ መልስ የለም፤ ዜሮ ከኾነ መልሱ አንድ ብቻ ነው።

ፓይታጎረስ እና ልጆቹ

በቀጤ ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት፣ ሀ² + ለ² = ሐ²፤ "ሐ" ከቀጤ ማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን ነው።

የቤት መሠረት የሚያወጡ ግንበኞች 3፣ 4 እና 5 ሜትር ለክተው ማዕዘን የሚያስተካክሉት በዚሁ ሕግ ነው፤ 9 + 16 = 25 ነውና። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት፣ የክበብ እኩልታ እና "የሳይን ካሬ እና የኮሳይን ካሬ ድምር 1 ነው" የሚለው ሕግ ሁሉም የዚህ ቀመር ልጆች ናቸው።

ሳይን ከማዕዘኑ ፊት ለፊት ያለው ጎን ለረጅሙ ጎን ሲካፈል፣ ኮሳይን አጠገቡ ያለው ጎን ለረጅሙ ሲካፈል፣ ታንጀንት ደግሞ ፊት ለፊት ያለው ለአጠገቡ ሲካፈል ነው። እርከን የሚሠራ አርሶ አደር የሚለካው ተዳፋት ታንጀንት ነው። በአግድም 100 ሜትር ተሂዶ ከፍታው 12 ሜትር ከጨመረ ተዳፋቱ 12 በመቶ ይኾናል።

ስፋት እና ይዘት

የክበብ ዙሪያ = 2 × ፓይ × ሬዲየስ
የክበብ ስፋት = ፓይ × ሬዲየስ²
የሲሊንደር ይዘት = ፓይ × ሬዲየስ² × ከፍታ
የኮን ይዘት = የሲሊንደሩ ይዘት ÷ 3

ፓይ በግምት 3 ነጥብ 14 ነው። ሬዲየሱ 1 ሜትር፣ ከፍታው 1 ነጥብ 5 ሜትር የኾነ ክብ ጎተራ 4 ነጥብ 71 ሜትር ኩብ ይይዛል። በአውድማ ላይ የተከመረ እህል የኮን ቅርጽ ስላለው ተመሳሳይ ወለል እና ከፍታ ካለው ጎተራ ሲሶውን ብቻ ይሞላል። ከፍታው ሳይለወጥ የጎተራው ሬዲየስ እጥፍ ቢኾን ይዘቱ እጥፍ ሳይኾን አራት እጥፍ ይኾናል፤ ሬዲየሱ በራሱ ይባዛልና።

ማረጋገጫው መለኪያው ነው። ስፋት በካሬ ሜትር፣ ይዘት በሜትር ኩብ ካልወጣ ቀመሩ ተሳስቷል።

ተከታታይ ቁጥሮች እና ወለድ

እኩል እየጨመረ በሚሄድ ተከታታይ፦ የመጨረሻው ቁጥር = የመጀመሪያው + (ብዛት − 1) × ጭማሪ
ድምሩ = ብዛት ÷ 2 × (የመጀመሪያው + የመጨረሻው)

በመጀመሪያው ረድፍ 12 ችግኝ ተተክሎ በየረድፉ 3 ቢጨመር፣ በ20ኛው ረድፍ 12 + 19 × 3 = 69 ችግኝ ይኖራል። ጠቅላላው 10 × 81 = 810 ነው። ከ20 ይልቅ በ19 መባዛቱ የመጀመሪያው ረድፍ ጭማሪ ስለሌለው ነው።

እየተባዛ በሚሄድ ተከታታይ፦ የመጨረሻው ቁጥር የሚገኘው ማባዣው ከብዛቱ በአንድ ያነሰ ጊዜ በራሱ ተባዝቶ በመጀመሪያው ቁጥር ሲባዛ ነው። ወለድ ወለድን የሚወልድበት ስሌትም የዚሁ ዓይነት ነው። 10 ሺህ ብር በ7 በመቶ ነጠላ ወለድ በሦስት ዓመት 12 ሺህ 100 ብር ይኾናል። ወለዱ በየዓመቱ ከዋናው ጋር ከተደመረ ግን 10 ሺህ × 1.07 × 1.07 × 1.07 ማለትም 12 ሺህ 250 ብር ከ43 ሳንቲም ይደርሳል።

ሎጋሪዝም

የብዜት ሎጋሪዝም የሎጋሪዝሞች ድምር ነው፤ የማካፈል ሎጋሪዝም ደግሞ ልዩነታቸው ነው። በ10 መሠረት የ100 ሎጋሪዝም 2፣ የ1 ሺህ 3 ነው፤ የብዜታቸው የ100 ሺህ ሎጋሪዝም 5 ይኾናል። ይህ ሕግ ለመደመር አይሠራም። የ1 ሺህ 100 ሎጋሪዝም ከ3 ጥቂት ብቻ ይበልጣል እንጂ 5 አይደለም።

ካልኩለስ

ዴሪቬቲቭ ሲፈለግ ከመ በላይ ያለው ትንሽ ቁጥር ወርዶ ማባዣ ይኾናል፤ ከላይም በአንድ ይቀንሳል። የ5መ³ ዴሪቬቲቭ 15መ² ነው። ኢንተግራል የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ውጤቱን መልሶ ዴሪቬቲቭ በማድረግ ይረጋገጣል።

ከላይ የታየው ዙሪያው 100 ሜትር የኾነ መሬት በምን ቅርጽ ቢታጠር ትልቁን ስፋት ይሰጣል? ስፋቱ መ(50 − መ) ነው፤ ዴሪቬቲቩ 50 − 2መ ዜሮ ሲኾን መ = 25 ይወጣል። ጎኖቹ እኩል ሲኾኑ ስፋቱ 625 ካሬ ሜትር ነው፤ በ30 እና በ20 ከተገኘው 600 ይበልጣል።

ስታቲስቲክስ እና ፕሮባብሊቲ

አማካይ ድምሩ ለብዛቱ ሲካፈል ነው። ቫሪያንስ የእያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ያለው ልዩነት ካሬ አማካይ ሲኾን፣ ሥሩ ስታንዳርድ ዲቪየሽን ይባላል። ለ12፣ 15 እና 18 ኩንታል ምርት አማካዩ 15፣ ቫሪያንሱ (9 + 0 + 9) ÷ 3 = 6 ነው። ቫሪያንስ ከዜሮ ሊያንስ አይችልም። ፕሮባብሊቲ የሚፈለገው ውጤት ብዛት እኩል ዕድል ላላቸው ውጤቶች ሁሉ ብዛት ሲካፈል ነው፤ ከ0 ካነሰ ወይም ከ1 ከበለጠ ስሌቱ ስህተት አለበት።

ቀመር ከነማረጋገጫው

ስሌትን ከማረጋገጫው ጋር መያዝ በአብነት ትምህርት ቤቶችም የቆየ ልማድ ነው። በባሕረ ሐሳብ ለ2018 ዓ.ም 5 ሺህ 500 ተደምሮ የሚገኘው 7 ሺህ 518 ለ19 ሲካፈል 13 ይቀራል። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይኾናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ስለኾነ፣ 30 ያልመጣለት ሰው ስሌቱን ከመነሻው ይመረምራል።

ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪም በአንድ ወረቀት በግራ ቀመሩን፣ በመካከል አንድ ምሳሌ፣ በቀኝ ማረጋገጫውን ቢጽፍ ለክለሳ ይጠቅመዋል። በየማለዳው ወረቀቱን ሳያይ ጽፎ ማነጻጸር እና የተሳሳተውን ብቻ ደግሞ ማጥናት ጊዜ ይቆጥባል። ምርጫ ባላቸው ጥያቄዎች አማራጮቹን በእኩልታው ተክቶ መሞከርም አንዱ የማረጋገጫ መንገድ ነው።

እንግሊዝኛ የማያነብ ወላጅም ሊያግዝ ይችላል። ልጁን "ይህ ቀመር ከየት መጣ? በእኛ መሬት ወይም ጎተራ አሳየኝ፤ መልሱ ትክክል መኾኑን በምን አወቅህ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። እነዚህን በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ተማሪ ቀመሩን ቢረሳው እንኳ ከመነሻው አስቦ ሊያገኘው ይችላል። ፈተናው የሚደርሰው ክረምቱ ሲገባ፣ የእርሻ ሥራው በሚበረታበት ወቅት በመኾኑ፣ ለተማሪው በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ከሥራ ነጻ ማድረግ ከቤተሰቡ የሚጠበቅ ድጋፍ ነው።